ሰኔና ሰኞ ሲገጥም፦ ሐሳብን ቀጠሮ አስይዞ ስለመዋል (ድሬና ሐረር)

ከዚራ_ጥላ (ክሩን የከፈተ)

ሰኔ 30 የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ይዘጋል፤ ሐምሌ ሲገባ ነጋዴው ግብር አለበት፤ ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነውና አልጋ የሚያከራየውም፣ ምግብ የሚሸጠውም፣ መኪና ያለውም ይራወጣል። በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። በዚህ ሰሞን የሚሰማው እሮሮ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ «ሥራው አይደለም፣ ሐሳቡ ነው የጨረሰኝ።» ለዚህ የሚሆን አንድ ዘዴ በዝርዝር ላስቀምጥ፤ የምታውቁ ጨምሩበት፣ የሳትኩትን አርሙ።

ዘዴው የሐሳብ ቀጠሮ ነው። ቶማስ ቦርኮቬክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ነው። ሐሳብ ሱቅ ውስጥም፣ ባጃጅ ላይም፣ አልጋ ላይም ከመጣ ቦታው ሁሉ የሐሳብ ቦታ ይሆናል፤ ገና ትራስ ሲያዩ ስጋቱ ይቀሰቀሳል። ስለዚህ ለሐሳብ አንድ ወንበርና አንድ የቀጠሮ ሰዓት ብቻ ይሰጠዋል። «አታስብ» ማለት ግን ከንቱ ነው። ዳንኤል ዌግነር የተባለ ሌላ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ነግሯቸው ነበር። ድቡን ማባረር አልቻሉም፤ ክልከላው ሲነሣላቸውማ መጀመሪያውኑ ካልተከለከሉት ይበልጥ አሰቡት። ሐሳብ ሲገፉት ይገፋል፤ «ቆይ፣ ሰዓትህ 11፡30 ነው» ሲሉት ግን ብዙ ጊዜ ይጠብቃል።

መጀመሪያ መለየት ነው፤ እዚህ ላይ ቋንቋችን ያግዛል። የሚያብሰለስል ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ በ«ቢ» ወይም በ«ባ» ተነሥቶ በ«ስ» ያልቃል፦ ቢዘገይስ፣ ባይበቃስ፣ ቢጠሩኝስ፣ ቢያመውስ። ቀን ላይ ያቺን «ስ» ስትሰሙ መልስ አትስጧት፣ አትከራከሯት። በአንድ ቃል ብቻ ወረቀት ላይ አስፍሯት («ኪራይ»፣ «ኮንቴይነር»፣ «ፈተና»)፣ ከዚያ ወደ እጃችሁ ሥራ ተመለሱ። ከ10 ሰከንድ በላይ ከወሰደ መጻፍ ቀርቶ ማሰብ ተጀምሯል ማለት ነው።

ሰዓቱ በየቀኑ አንድ፣ ቦታውም አንድ ይሁን። ከመኝታ ቢያንስ 3 ሰዓት ይራቅ። ቦርኮቬክ 30 ደቂቃ ነው የሰጠው፤ ለጀማሪ 20 ይበቃል። የስልኩን ማንቂያ ሙሉ። አልጋ፣ የምግብ ቦታና የሱቅ ባንኮኒ አይሆኑም፤ የግቢ ጥግ ላይ ያለች ዱካ ትበቃለች። ሰዓቱ ሲደርስ ቃላቱን አንድ በአንድ አንሥታችሁ «ዛሬ ወይም ነገ እጄ የሚደርስበት ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለ «ቢ…ስ» የሚለውን ወደ «ከ» ቀይሩት። አንድ ገጽ ይህን ይመስላል፦

ሐምሌ 3፣ 11፡30
ኮንቴይነር። ቢዘገይስ? *ከዘገየ* መጋዘን ያለው 40 ካርቶን ለቁልቢ ሳምንት ይበቃል። ነገ 3 ሰዓት ለአስተላላፊው መደወል፣ አንድ ጊዜ።
ኪራይ። ባይሞላስ? *ካልሞላ* ለአከራዩ እስከ ሐምሌ 6 አስቀድሞ መንገር። ዕቁቡ ከወሩ አጋማሽ በፊት አይወጣም፤ በእሱ አልቆጥርም።
ዶላር። ቢጨምርስ? እጄ የለበትም።

ከባዱ የመጨረሻው መስመር ነው። እጅ የሌለበትን ነገር ሰው መፍትሔ ሊፈልግለት ይታገላል፤ ፍለጋውም ራሱ ጭንቀት ይሆናል። «እጄ የለበትም» ብሎ ጽፎ፣ ሆድ እየተባባም ቢሆን ማንቂያው እስኪጮህ መቀመጥ ነው። ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ ነገም ይጻፋል።

ማንቂያው ሲጮህ ደብተሩን ዘግታችሁ ተነሡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ አስቀድማችሁ ወደ መረጣችሁት ሥራ ሂዱ። ይህ «አስቀድማችሁ» የሚለው ይሰመርበት። የሚሠሩትን ሳያዘጋጁ መነሣት ሐሳቡን ይዞ መነሣት ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ቀጠሮውን በመዝለል ነው። ቀኑ ቀለል ሲል «ዛሬ አያስፈልግም»፣ ሲበዛ ደግሞ «ጊዜ የለም» ይባላል። ቀጠሮ ያላከበሩለት ሐሳብ በማግስቱ «ቆይ» ቢሉት አይሰማም። ካልተመቸ 5 ደቂቃ ይሁን እንጂ አይቅር።

ታይዋን_ሱቅ

ጥሩ ነው፣ ግን ታይዋን ገበያ ውስጥ ደንበኛ እየተሻማ ወረቀት ማውጣት ከባድ ነው። ስልክ ላይ መጻፍ አይሻልም?

ከዚራ_ጥላ

ስልኩ ቢቀር ነው የምመርጠው። ለመጻፍ ስትከፍተው የባንክ መልእክት፣ ቴሌብር፣ ቴሌግራም ይጠብቁሃል፤ አንዷን «ስ» ልትጽፍ ገብተህ ሦስት ይዘህ ትወጣለህ። ለአራት የታጠፈ ወረቀት ከእስክሪብቶ ጋር የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይግባ። የደረሰኝ ጀርባም ይሆናል። ሙሉ ዐረፍተ ነገር አትጻፍ፣ ዘመድ ቢያገኘው የማይገባው አንድ ቃል ይበቃል።

ሒሳብ ቀሪን ደጋግሞ ማየትም የዚሁ ወንድም ነው። ብሩ ገባ አልገባ እያሉ በየሩብ ሰዓቱ ማየት ለአፍታ ያሳርፋል፣ ከዚያ ግን የማየት ጥማቱ ይጨምራል። በቀን 2 ጊዜ ወስን፦ 4 ሰዓትና 10 ሰዓት። በመሐል እጅህ ወደ ስልኩ ሲሄድ «ሒሳብ» ብለህ ወረቀቱ ላይ ጻፍ።

ፋርማሲ_ሳቢያን

ከዚራ ወንድሜ፣ አጻጻፍህ ጥሩ ነው፤ 11፡30 ያልከው ሰዓት ግን ለድሬና ለሐረር ሰው ሁሉ አይሆንም። በዚያን ሰዓት ስንቱ በርጫ ላይ ነው።

ካቲኖን የሚባለው የጫት ዋና ንጥረ ነገር አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይቀራረባል። ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ የአንጎል ኬሚካሎች እንዲለቀቁ ያደርጋል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ሐሳብ ይሮጣል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ወደ ካቲን ስለሚለወጥ ነው የአወዳይ ጫት ያን ያህል የሚጣደፈው። ምርቃናው ሲወጣ ዕዳው ሁሉ የተከፈለ ይመስላል፤ ሲወርድ ያው ዕዳ ገደል ይሆናል። ቀጠሮው ከሁለቱ በአንዱ ላይ ከዋለ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው የገበያው እውነት ሳይሆን የቅጠሉ ነው። የሚቅም ሰው ቀጠሮውን ከምሳ በፊት፣ 5፡30 አካባቢ ያድርግ።

ልብ ድው ድው ሲል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልብ ሰው «ጭንቀቴ ተነሣ» ይላል። ከዚያ በፊት ባለፉት 6 ሰዓታት ምን ገባ ብሎ ይቁጠር። ካፌይን በአማካይ በ5 ሰዓት ውስጥ ነው ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው፤ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ላይ በእጥፍ ገደማ ይቆያል፣ እርጉዝ ላይ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ከአቦል እስከ በረካ ከጠጡ አቦሉ ነው ከባዱ፤ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ከሰዓት በኋላ ቶናና በረካ ላይ መግባት አንድ መላ ነው። ቁጢም ከቡና ቅጠል የሚፈላ ስለሆነ ካፌይን አለው፤ «ቅጠል ነው» ተብሎ በማታ አይጠጣ። ጫት ላይ ኮካና ቡና ሲደረብ ሦስቱም አንድ አቅጣጫ ነው የሚጎትቱት።

ጫቱን ለመቀነስ የሚፈልግ ኢጃበናውን (ጠዋት ለዐይን መግለጫ የሚቃመውን) መጀመሪያ ይተው፣ ቀጥሎ የማብቂያ ሰዓት ይወስን፤ 10 ሰዓት ይሁን። ምርቃና በአልኮል ለመስበር መሞከር እንቅልፍን ያመጣል፣ ግን ሌሊቱን ከግማሽ በኋላ ይሰባብረዋል። በአንድ ጊዜ ያቆመ ሰው ለጥቂት ቀናት ድካም፣ ድብርትና ዱካክ ሊያይ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ካወቀ «አብጄ ነው» ብሎ አይደነግጥም፤ መቅረቱ አይቀርም። ድብርቱ ከከበደና ከሰነበተ ግን ሐኪም ይየው።

አሸዋ_ሒሳብ

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የሰኔን መዝጊያ ያለ ጫት የሚያልፍ የሒሳብ ክፍል ብዙ አይደለም። ሌሊት የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ተዉ ብሎ መምከር ቀላል ነው፣ ሪፖርቱ ግን ሰኔ 30 ይፈለጋል።

ፋርማሲ_ሳቢያን

ተዉ አላልኩም፣ ያልኩት ሰዓቱን ለዩ ነው። ጫት ያነቃል፣ እውነት ነው፤ የሚያነቃው ግን ያልተኛ ጭንቅላት ነው። ቁጥር የሚገለበጠው፣ ያው ሰነድ ሁለት ጊዜ የሚመዘገበው፣ ከዚያ 3 ብር ልዩነት ፍለጋ ግማሽ ሌሊት የሚሄደው በዚያ ሰዓት ነው። ሌሊት የሚሠራ ሰው ከ6 ሰዓት በኋላ ሒሳብ ማስታረቅና መመዝገብ ትቶ ሰነድ መደርደርና መለጠፍ ይሥራ፤ ቁጥሩን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በትኩስ ዐይን ይየው። 90 ደቂቃ እንኳ ቢተኛ ከምንም ይሻላል። የመዝጊያው ሳምንት ሲያልፍ ደግሞ ሰዓቱ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ችግር የሚሆነው የሰኔው ልማድ መስከረም ድረስ ሲዘልቅ ነው።

ሸዋበር_ሐረር

ስለ ትንፋሽ ማንም አላነሣም። «በጥልቅ ተንፍስ» የሚለውን ምክር እባካችሁ እንተወው፤ ጉዳት አለው። የተጨነቀ ሰው ቀድሞውኑ አብዝቶ እየተነፈሰ ነው። በላዩ ላይ በጥልቅና በፍጥነት ሲስብ ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር ይቆነጠጣል፣ ራስ ይዞራል። ሰውየው «ልቤ ነው» ብሎ ይብሱን ይደነግጣል።

የሚሠራው ዝግታ ነው። አንድ እጅ ሆድ ላይ፣ በአፍንጫ በቀስታ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ ከንፈርን እንደ ሻይ ማብረድ ሾል አድርጎ እስከ 6 እየቆጠሩ ማውጣት። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ለ5 ደቂቃ። ደረት ሳይሆን ሆድ ይነሣ። ማዞር ከጀመረ ብዙ አየር እየገባ ነውና የሚስቡትን መጠን ቀንሱ፣ ቆጠራውን አትቀይሩ። ሳይጨነቁ በቀን 2 ጊዜ መለማመድ ግድ ነው፤ በጭንቀት መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ሰው «አልሠራልኝም» ይላል፣ እውነቱን ነው።

ትከሻና መንጋጋ ለሚይዘው ደግሞ ኤድመንድ ጃኮብሰን የጀመረው ጡንቻን ማጥበቅና ማላላት አለ። ጡጫን ለ5 ሰከንድ ጨብጦ ለ20 ሰከንድ መልቀቅ፣ ከዚያ ክንድ፣ ትከሻ፣ ፊት፣ ሆድ፣ እግር። የሚጠቅመው መልቀቁ ስለሆነ እሱ ላይ ይዘገያል። ጉዳት ያለበት ቦታ ይዘለል።

ለገሃሬ_11

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ ጣራ ለሚያየውስ?

ነርስ_ድሬ

ለገሃሬ፣ መጀመሪያ ሰዓት ማየት ይቁም። ስልኩ ከክፍሉ ይውጣ ወይም ተገልብጦ ራቅ ይበል። «9 ሰዓት ነው፣ 3 ሰዓት ቀረኝ» የሚለው ስሌት ራሱ ያነቃል። 20 ደቂቃ ያህል ሆኖ ከመሰለህ ከአልጋ ውረድ፣ በደብዛዛ ብርሃን አሰልቺ ነገር ያዝ፦ ልብስ ማጠፍ፣ ምስር መልቀም፣ መዝሙረ ዳዊት ወይም ዚክር በቀስታ። እንቅልፍ ሲጫጫንህ ብቻ ተመለስ፤ ካልመጣ እንደገና ውረድ። ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ዘዴ ነው፤ ቀጠሮው ላይ እንደተባለው አልጋ የእንቅልፍ ብቻ እንዲሆን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያደክማሉ። ጠዋት የምትነሣበት ሰዓት ግን አይቀየር፣ ቀን ላይም ከ20 ደቂቃ በላይ አትተኛ።

ማታ ከመተኛትህ በፊት ለ5 ደቂቃ የነገ ሥራ ዝርዝር ጻፍ። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ሙከራ የነገ ሥራቸውን የጻፉት፣ የሠሩትን ከጻፉት 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኝተዋል፤ ይበልጥ ዘርዝሮ የጻፈው ይበልጥ ቀድሟል። ይህ የሐሳብ ቀጠሮው አይደለም፣ «ቢ…ስ» አይገባበትም። «3 ሰዓት፣ ደረሰኝ ማስገባት» ዓይነት ብቻ ነው።

ሙቀቱን ደግሞ ከጭንቀት አትለዩት። እንቅልፍ ሊመጣ ሲል የሰውነት ሙቀት ትንሽ መውረድ አለበት፤ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ሰኔ ላይ አይወርድም። ከመኝታ 1 ሰዓት በፊት ለብ ባለ ውኃ ታጠብ፣ በጣም ቀዝቃዛ አይሁን፣ ቆዳን አጥብቆ ሙቀቱን ያስቀረዋል። ግቢ መተኛት ካስቻለ ከአጎበር ጋር ይሁን፣ ወባ አለ። ቀን ላይ ውኃ ያልጠጣ ሰው ማታ ልቡ ሲመታበት ሐሳብ ይመስለዋል። ሐረር ላይ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ይህኛው ችግር ይቀላል።

እማማ_ጀጎል

ልጆች፣ ስለ ልጆቻችንም ይነሣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ልጁ በቀን አሥር ጊዜ «እማ፣ ብወድቅስ?» ይላል፤ እናት አሥር ጊዜ «አይዞህ፣ ታልፋለህ» ትላለች። ለሩብ ሰዓት ያርፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ማጽናኛው ሱስ ይሆንበታል፣ ደግሞም «ካላለፍኩስ ምን ልትለኝ ነው» ይላል በልቡ። አንድ ጊዜ ከልብ ይነገረው። ሁለተኛ ሲጠይቅ «ይቺ የ11፡30 ናት፣ ጻፋት» ይባል፣ ሻይ ይሰጠው። 11፡30 ላይ ግን እናት አጠገቡ ትቀመጥ፣ ስልኳን ትተው፣ «ብወድቅስ»ን ሳትሸሽ እስከ መጨረሻው አብራው ትመልከት፦ ከወደቀ ምን ምን መንገድ አለ ብለው ይጻፉት። የጎረቤት ልጅ ስም በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ አይጠራ።

ከዚራ_ጥላ

እማማ፣ እድሜ ይስጥልን። ትዳር ላይም ያው ነው፤ ባል ወይም ሚስት በየሰዓቱ እየደወሉ «ሁሉ ሰላም ነው?» ሲሉ እርስዎ ባሉት መንገድ ቢይዙት ይሻላል። ምሽት የሚቅም የሌለበት ቤት ከሆነ ሁለቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ግን በየራሳቸው ወረቀት ይጻፉ። አንድ ደብተር ላይ ከጻፉ አንዱ የሌላውን «ስ» ይወርሳል።

ነርስ_ድሬ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሐኪም የሚያስፈልገውን እንለይ። ጋድ-7 የሚባል የ7 ጥያቄ መጠይቅ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ። ያለፉትን 2 ሳምንታት ነው የሚጠይቀው፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ጣሪያው 21 ነው። 5 ቀላል፣ 10 መካከለኛ፣ 15 ከባድ ይባላል። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ይየው፤ ቁጥሩ ብቻውን ምርመራ አይደለም። ድሬ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አላቸው፤ ጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር መጻፍም ይቻላል።

ሲሄዱ የእንቅርት ዕጢና የደም ማነስ ምርመራ ይጠይቁ። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይቻልም፣ እየበሉ ይከሳል፤ ድሬ ላይ «ሙቀቱና ሐሳቡ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ለአስም የሚወሰድ የሳልቡታሞል እንክብልም ልብ ያስመታል። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ጫቱንም ጭምር፣ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮም ደብተርም አይጠበቅም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ፣ እስኪደርስም ብቻውን አይተው።

ፋርማሲ_ሳቢያን

ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ እንክብል ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ ይቅር። በሳምንታት ውስጥ ይለመዳል፣ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ሲያቆም እንደሚጥል በሽታ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል፣ ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ያዳክማል። የልብ ምትን የሚያቀዘቅዘው ፕሮፕራኖሎልም አስም ላለበት ክልክል ነው። ሐኪም እንደ ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ካዘዘ ውጤቱ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እረፍት ማጣት ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው፤ ከማቋረጡ በፊት ያዘዘለትን ሐኪም ያነጋግር።

ታይዋን_ሱቅ

ሐምሌ 18 ሌሊት ወደ ቁልቢ የምንወጣ አለን። የዚያን ዕለት ቀጠሮው ይቀራል ወይስ?

ከዚራ_ጥላ

አይቀርም፣ ይጠጋል። 18 ከሰዓት ሱቁን ከመዝጋትህ በፊት 9 ሰዓት ላይ 10 ደቂቃ ተቀመጥ። ሱቁን ማን እንደሚጠብቅ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር፣ 20 ጠዋት ማን እንደሚከፍት ጻፍ፤ የመንገዱ ሐሳብ በአብዛኛው እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ደብተሩን ቤት ተወው፣ ኪስህ ውስጥ አራት የታጠፈችው ወረቀት ብቻ ትሂድ። 19 ስትመለስ ደክሞህ ስለሚሆን 11፡30 ላይ 5 ደቂቃ፣ ወረቀቷ ላይ ያሉትን ቃላት ወደ ደብተሩ ገልብጠህ ዝጋው፤ መፍትሔው ለ20 ይደር።